ሰኔ ላይ የከሳች እባብ

ቱሳን የደረስኩት ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ነው፤ ልጄን ላርስ። ውጭ አገር ልጅ ያላት እናት ይህን ጉዞ ታውቀዋለች። ከሻንጣዬ ግማሹ የገንፎና የአጥሚት እህል፣ ግማሹ በርበሬና ሽሮ ነበር፤ ለራሴ የያዝኩት ሁለት ቀሚስና አንድ ነጠላ ብቻ። ሥራዬ ከምድጃውና ከአራስ አልጋው እንደማያልፍ እርግጠኛ ነበርኩ። ስድስት ወር ቆይቼ ስመለስ ግን ጎረቤቶቼ ስለ አሜሪካ ሲጠይቁኝ አብዝቼ የማወራው ስለ አንዲት እባብ ሆነ። ሴቶቹ ያማትባሉ። በእነሱ ቦታ ብሆን እኔም አማትብ ነበር።

ቱሳን በአሪዞና ግዛት በስተደቡብ፣ ከሜክሲኮ ድንበር መቶ ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቅ ከተማ ናት። የምትገኘው ሶኖራ በሚባለው በረሃ ውስጥ ነው። በረሃ ሲሉኝ የአሸዋ ክምር ጠብቄ ነበር፤ ያገኘሁት ግን እሾህ የለበሰ ደን ነው። ከአውሮፕላን ማረፊያው ወደ ቤት ስንሄድ ግራና ቀኙን እያየሁ "ውይ፣ ቁልቋል!" አልኩ። አማቼ ሳቀ። ሳዋሮ ይሉታል። የእኛን ቁልቋል ሲሰብሩት ነጭ ወተት ይወጣዋል፤ ሳዋሮ ግን ሌላ ዘር ነው፣ ውስጡ ውሃ ያዘለ ነው። ከ12 ሜትር በላይ ሊረዝም ይችላል፤ የመጀመሪያዋን ክንድ ለማውጣት ብቻ ብዙ ጊዜ ከ50 ዓመት በላይ ይፈጅበታል። ገላው ከላይ እስከ ታች እንደ ሽንሽን ቀሚስ የታጠፈ ነው። እኔ በደረስኩበት ወቅት ሽንሽኑ ጥልቅ ነበርና የከሳ ሰው ጎን መሰለኝ። በለሱን ግን አልተሳሳትኩም። በለስ እዚያ በየአጥሩ ሥር አለ፤ እንዲያውም እኛ አገር ያለው በለስ ከዚያው አህጉር የመጣ እንግዳ ነው።

የበረሃውን ሕግ ያስተማረችኝ የሰባት ዓመቷ የልጅ ልጄ ሚጡ ናት።

"አያቴ፣ የማታዪበት ቦታ እጅሽን አታስገቢ። ማታ ያለ ባትሪ አትውጪ። ሽሽሽ የሚል ነገር ከሰማሽ ቁሚ። የት እንዳለ እስክታዪው አትንቀሳቀሺ። ከዚያ ቀስ ብለሽ ወደ ኋላ።"

ሽሽሽ ያለችው ራትልስኔክ የሚሉትን እባብ ነው። በጭራው ጫፍ ላይ እንደ ጥፍር የደረቁ ቀለበቶች ተያይዘዋል፤ ሲያንቀጠቅጣቸው ይጮኻሉ። እኔ ባለቃጭል አልኩት፤ ድምፁ ግን የቃጭል አይደለም፣ የጋለ ምጣድ ላይ ውሃ ሲረጭ የሚሰማው ዓይነት ነው፤ ልዩነቱ አለማቆሙ ነው። አሪዞና ውስጥ ከአሥር በላይ ዓይነት ባለቃጭል አለ። ግዛቲቱ እ.ኤ.አ. በ1986 ከተሳቢ እንስሳት መካከል አንዱን ትንሽ ባለቃጭል የግዛቷ መለያ አድርጋ መርጣለች። ሌላው ሕዝብ አንበሳና ንስር ሲመርጥ እነሱ እባብ!

እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል። እኔ ግን ገና ሳላየው ነው የበረየሁት። የመጀመሪያውን ሳምንት የአትክልት ማጠጫውን ጎማ ሦስት ጊዜ ዘልዬዋለሁ።

ሕፃኑ ግንቦት 16 ቀን ተወለደ፤ 2 ኪሎ ከ900 ግራም። በሦስተኛው ቀን 2 ኪሎ ከ650 ሆነ። ይህ አላስደነገጠኝም። አራስ ልጅ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከክብደቱ እስከ አሥር በመቶ ድረስ ቢቀንስ ያለ ነው፤ የሚወጣው በአብዛኛው ውሃ ነው። ሠላሳ ምናምን ዓመት በጤና ሥራ ላይ ስለነበርኩ ይህንን ለስንት እናት ነግሬያለሁ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ግን ወደ ተወለደበት ክብደት መመለስ አለበት። በአሥራ አምስተኛው ቀን ሐኪሟ ዘንድ ይዘነው ሄድን። ሚዛኑ 2 ኪሎ ከ700 አለ። ሐኪሟ ድምጿን ሳትለውጥ ልጄን ማበረታታት ጀመረች፤ በየሁለት ሰዓቱ እንድታጠባ፣ ከጡቱ በኋላ በማለቢያ መሣሪያ ወተት አልባ እንድትጨምርለት፣ በሦስተኛው ቀን ተመልሰን እንድንመጣ። ድምፅ ሳይለውጡ ክፉ ዜና መናገር የእኔም ሙያ ነበርና ገብቶኛል። በመኪና ስንመለስ ማንም አልተናገረም።

ልጄ ደግሞ ገንፎዬን አትበላም። እርግዝናው ላይ የጨመረችውን ኪሎ ለመቀነስ ስልኳ ላይ የምግብ ሂሳብ ትይዛለች። የምትበላውን በቁጥር መዝግባ የምታጠባ አራስ በዕድሜዬ አላየሁም።

በዚያው ቀን ምሽት ነው እባቡ የመጣው።

ቀኑን ሙቀቱ 40 ዲግሪ አልፎ ነበር የዋለው። ፀሐይ ስትጠልቅ አማቼ ቆሻሻ ሊጥል በጓሮ በር ወጥቶ በዚያው ፍጥነት ተመለሰ። ከውጭው ቧንቧ ሥር፣ ሲሚንቶው ጠብታ ውሃ ከሚያርሰው ቦታ ላይ፣ ባለቃጭል ተጠቅልሏል። አማቼ አካፋ አነሳ። ሚጡ "አባዬ፣ አትግደለው!" ብላ ጮኸች። ልጄ ሕፃኑን ታቅፋ ከውስጥ "ግደለው፣ ግደለው" ትላለች። እኔ ባደግኩበት አገር እባብ የአራስ ቤት ወተት ይሸተዋል ሲባል ሰምቻለሁ፤ እሷም ከእኔው ሳትሰማ አትቀርም። እባብ ወተት አይጠባም፤ የሚጠባበት ከንፈርም የለውም። በዚያች ሰዓት ግን ይህን ማን ያስባል?

እኔ በመስተዋቱ በር በኩል አየሁት። ያየሁት ነገር መርዙን አስረሳኝ። የጀርባ አጥንቱ እንደ ቤት ጣሪያ ክፈፍ ጎልቶ ወጥቷል፤ ከግራና ከቀኙ ገላው ወደ ታች ዘቅዝቋል። ቆዳው ጎኑ ላይ ተጨማዷል። "ይሄ ነገር ርቦታል" አልኩ። አማቼ እንደ እብድ አየኝ።

ጎረቤታችን የሆኑት አሮጊት እባብ የሚያጠና አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ስልክ ሰጡን። ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ደረሰ፤ ረጅም መቆንጠጫ፣ ክዳን ያለው ባልዲና ወፍራም ግልጽ የፕላስቲክ ቱቦ ይዟል። የእባቡን ራስ ወደ ቱቦው መራው፤ እባቡ መሸሸጊያ ያገኘ መስሎት ገባ፤ ግማሽ ገላው እንደገባ ከነቱቦው ያዘው። ራሱ ውስጥ፣ ጭራው ውጭ። ከዚያ ወዲያ ማንንም ሊነድፍ አይችልም። መለኪያ ሜትር አወጣ፣ ከረጢት አወጣ፣ የምንጠለጠል ሚዛን አወጣ። እኔ ሚዛኑን ሳይ በሩን ከፍቼ ወጣሁ። ልጄ "እማዬ!" አለች። አልመለስኩም።

"ሴት ናት" አለ ልጁ ጭራዋን አይቶ። ዳይመንድባክ የሚባለው ዓይነት ናት፤ ጀርባዋ ላይ የአልማዝ ቅርጽ ያላቸው ምልክቶች፣ ከቃጭሉ በላይ ደግሞ ጥቁርና ነጭ ቀለበቶች አሏት። እነሱ የእባብን ርዝመት ሲለኩ ጭራውን ለብቻ ያደርጋሉ። ያለ ጭራዋ 84 ሴንቲ ሜትር፤ ክብደቷ 296 ግራም። በደብተሩ ጻፈ።

"ከስታለች አይደል?" አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። እንዴት እንዳወቅሁ ጠየቀኝ። በፋሲካ ዋዜማ በግ ስንገዛ ጀርባውን እንደምንዳብስ፣ አጥንቱ እጅ ላይ ከቆረቆረ ገበያው እንደሚፈርስ ነገርኩት። ልጁ በጣም ተደሰተ። እነሱም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። ክብደቱን ብቻ ቢነግረኝ ምንም እንዳልነገረኝ ይቆጠራል፤ 296 ግራም ለአጭር እባብ ጥጋብ፣ ለዚች ግን ችጋር ነው። ስለዚህ ክብደትን ከርዝመት ጋር ያነጻጽራሉ፤ በዚህ ርዝመት ያሉ ሌሎች እባቦች ስንት ይመዝናሉ፣ እሷ ከእነሱ በላይ ናት ወይስ በታች?

እኔ ይህን ሂሳብ አውቀዋለሁ። 1977 ዓ.ም. ጀማሪ ጤና ረዳት ሳለሁ ኮረም መጠለያ ተመድቤ ነበር። ጠዋት ጠዋት ልጆቹን ተራ አስይዘን በሚንጠለጠል ሚዛን እንመዝናለን፣ ሰሌዳ ላይ አስተኝተን ቁመታቸውን እንለካለን፣ ከሠንጠረዥ እናመሳክራለን። በቁመቱ ሊመዝን ከሚገባው ከ80 በመቶ በታች የሆነ ልጅ ወደ ምገባው ይገባል። ሌላው ይመለሳል። አንድ ቀን አንዲት እናት ፊቱ ሞላ ያለ ወንድ ልጅ አመጣች። ሚዛኑ ደህና ነው አለ፤ እኔም ደህና ነው ብዬ ካርዱን ልመልስላት እጄን ዘረጋሁ። ከኋላዬ የቆመች አንድ ትልቅ ነርስ ምንም ሳትናገር የልጁን እግር በአውራ ጣቷ ተጫነች። ጣቷን ስታነሳ ጉድጓዱ እንዳለ ቀረ። የመዘንኩት ሥጋ ሳይሆን ውሃ ነበር። ከእነዚያ ሁሉ ልጆች እሱ የባሰበት ነበር፤ እኔ ደግሞ ልመልሰው ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ እግር ሳልጫን ሚዛን አምኜ አላውቅም።

ይህን ለልጁ በእንግሊዝኛዬ ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝና እነሱም በሚዛን እንደሚታለሉ ነገረኝ። እባብ ትልቅ አይጥ ዋጠ እንበል፤ በማግስቱ ቢመዝኑት ወፍሮ ይገኛል፣ የወፈረው ግን አይጡ ነው። ዝናብ ጠጥቶ ከሆነ ውሃው ነው። ያረገዘች ከሆነች ልጆቹ ናቸው። ስለዚህ ሚዛኑን አይተው አይበቃቸውም፤ ሆዷን ይዳብሳሉ፣ የጀርባ አጥንቷን ይዳስሳሉ፣ ወሩን ያያሉ።

የእባብ ስብ እንደ እኛ ከቆዳ ሥር ተዘርግቶ አይቀመጥም፤ በአብዛኛው ሆዱ ውስጥ ከአንጀቱ ጎን ተጋድሞ ይከማቻል። "ሞራ!" አልኩት። ቃሉን ሁለት ጊዜ አስደገመኝ። ዳይመንድባክ እንቁላል አትጥልም፤ ግልገሎቿን በሕይወት ትወልዳለች፣ በክረምቱ ማብቂያ ላይ። ለግልገሎቹ የሚሆነውን የምትሰጠው ከዚያ ሞራ ነው፤ ሞራው ካልበቃ በዚያ ዓመት አትወልድም። ስትወልድ ደግሞ ተሟጣ ነው የምትቀረው። ብዙም ሳትበላ ብርዱ ይደርስና ጉድጓድ ትገባለች፤ በጸደይ ስትወጣ ይህን ትመስላለች። ምናልባት ባለፈው ዓመት ወልዳ ይሆናል አለኝ። መልሳ ለመውለድ አንድ ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ማገገም አለባት። ስንቷን እናት ወሊድ አራርቂ ብዬ ለምኜ ስንቷ ጆሮዋን እንደነፈገችኝ አስቤ ለብቻዬ ሳቅሁ።

ከመልቀቁ በፊት ቃጭሏ ላይ ሰማያዊ የጥፍር ቀለም ቀባላት፤ ሌላ ጊዜ ቢያያት እንዲያውቃት። ከቤቱ ጀርባ ካለው ደረቅ አሸዋ ወንዝ ማዶ ወስዶ ለቀቃት። አማቼ ለምን ሃምሳ ኪሎ ሜትር እንደማይወስዳት ጠየቀ። ሩቅ የተወሰደ እባብ መጠለያውንና ውሃውን ስለማያውቅ ሲንከራተት ብዙ ጊዜ ይሞታል አለ። አማቼ ይሙታ በሚል ዓይን አየው፤ በአፉ ግን አልተናገረም።

ያን ማታ ገንፎ ይዤ ወደ ልጄ ገባሁ። እባቧ ሞራዋን ለልጆቿ ሰጥታ እንደከሳች ነገርኳት። "እማዬ፣ ከእባብ ጋር አታወዳድሪኝ" አለችኝ። ሳህኑን ግን ባዶውን መለሰችልኝ።

በሦስተኛው ቀን ሕፃኑ 2 ኪሎ ከ790 ሆነ።

ሰኔ ውስጥ አንድ እሑድ ሚጡን ይዘን የአሪዞና ሶኖራ በረሃ ሙዚየም ሄድን። ከከተማው በስተምዕራብ፣ ተራራውን አልፎ ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 የተከፈተ ሲሆን ሙዚየም ይባል እንጂ አብዛኛው ሜዳ ላይ የሚዞሩት የእንስሳትና የዕፅዋት ቦታ ነው። አያቶች ከሄዳችሁ በጠዋት ሂዱ፣ ባርኔጣ አድርጉ፤ እኔ በነጠላ ተሸፍኜ ሄጄ እኩለ ቀን ላይ ሚጡ ደግፋ አስቀመጠችኝ።

እዚያ ያስጎበኙን በፈቃደኝነት የሚሠሩ አንድ ሽማግሌ ናቸው። ስለ እባብ ትልቅነት ሲጠየቁ አንድ ፎቶግራፍ አወጡ። አንድ ሰው በረጅም እንጨት ላይ የሞተ እባብ አንጠልጥሎ ይዟል፤ እባቡ ከሰውየው ይበልጣል። ዘዴው እንጨቱን ወደ ካሜራው መዘርጋት ነው። የሰው ወሬ እባብን እንዲህ ያሳድገዋል። ዳይመንድባክ ከሁለት ሜትር ያለፈ ተመዝግቧል፤ አብዛኞቹ አዋቂዎች ግን ከአንድ ሜትር ከሃያ አያልፉም፤ ወንዱ ከሴቷ ይተልቃል። በስተምዕራብ አሸዋማው አገር ላይ ያለው፣ በጎኑ እየተወረወረ የሚሄደውና ዓይኑ ላይ ቀንድ የመሰለ ቅርፊት ያለው ትንሹ ባለቃጭል ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ሴቷ ትበልጣለች። ቀለበቶቹን ቆጥሮ ዕድሜ ማወቅም አይቻልም። ቆዳውን በገፈፈ ቁጥር አንድ ይጨመራል፤ በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ ሊገፍ ይችላል፣ ጫፉም ይሰበራል።

ለወላጆች የሚጠቅም አንድ ነገርም ተናገሩ። የእባብ ግልገል መርዙን መቆጣጠር ስለማይችል ከእናቱ ይብሳል የሚባለው እውነት አይደለም። ትልቅ እባብ ትልቅ የመርዝ ከረጢት ስላለው አብዝቶ ሊሰጥ ይችላል። ግልገሉም ቢሆን አያስነካም፤ ሲወለድ ጀምሮ መርዝ አለው፣ ለዚያውም አንዲት ጉብታ ብቻ ስላለችው ድምፅ አያሰማም። ሰው ከተነደፈ አይበጣም፣ አይመጠጥም፣ በገመድ አይታሰርም፣ በረዶ አይደረግበትም። ቀለበትና ሰዓት ያወልቁለታል፣ ያረጋጉታል፣ መድኃኒቱ ወዳለበት ሆስፒታል ይወስዱታል። የመጨረሻውን እኔም በቆላ ስሠራ ስጮኽበት የኖርኩት ነው። የእኛ እፉኝት አጭርና ወፍራም ነው፤ ሰው ስለጠገበ ይመስለዋል፣ ነገር ግን ተፈጥሮው ነው። የከሳ እፉኝትም ወፍራም ነው። ለዚህ ነው አንዱን ዓይነት ከሌላው ማወዳደር የማይቻለው።

ሽማግሌውን ያቺ ሰማያዊ ቃጭል ያላት ትሞት ይሆን ወይ አልኳቸው። ሳቁና ወንበር ስበው ተቀመጡ።

አንድ የአርካንሳስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2007 ያወጣው ጥናት አለ። 62 እባቦችን፣ ከሦስት ዓይነት፣ ዳይመንድባክም አንዱ ሆኖ፣ ለስድስት ወር ገደማ ያለ ምግብ አቆያቸው፤ ረጅሙ 168 ቀን ነው። ከክብደታቸው ያጡት ከ9 እስከ 24 በመቶ ብቻ ነበር። አንዳንዶቹ ሰውነታቸው በዕረፍት የሚያቃጥለውን ኃይል እስከ 72 በመቶ ድረስ ቀንሰዋል፤ ምድጃውን አዳፍነው ተቀመጡ ማለት ነው። ከሁሉ የገረመኝ ሌላው ነው። እየተራቡ ርዝመታቸው ጨመረ።

ይህን አስደግሜ ሰማሁ። ልጅ ሲራብ መጀመሪያ ይከሳል፣ ረሃቡ ከረዘመ ደግሞ ቁመቱ ይቆማል፤ መቀንጨር የምንለው ነው። ኮረም ላይ የአምስት ዓመት ልጅ የሁለት ዓመት ቁመት ይዞ ሰሌዳዬ ላይ ተኝቷል። የእነዚህ ሥጋ አልቆ አጥንታቸው ይረዝማል! አንድ ነገር ገባኝ፤ ያቺን እባብ ያየሁበት ዓይን የሰው ዓይን ነበር። ርቧታል ማለቴ ትክክል ነው። ልትሞት ነው ማለቴ ግን ልጅ እየመዘንኩ ከለመድኩት የመጣ ነው። ዳይመንድባክ በዓመት ጥቂት ጊዜ ብቻ በልታ ልትኖር ትችላለች። ሕፃን በሁለት ሰዓት አንዴ ነው፤ ያን ሰሞን ሌሊቱን በሰዓት ደወል የምንነሳው ለዚህ ነው።

"ይልቅ ውሃው" አሉ ሽማግሌው። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ጥናት እንዳሳየው ዳይመንድባክ አይጥ በመብላቷ ጥሟ አይቀልም፤ መጠጣት አለባት። ቧንቧችን ሥር ምን እንደፈለገች ያኔ ገባኝ። አይጥ ብትፈልግ ኖሮ በለሱ ሥር ጎጆ የሚሠሩት የበረሃ አይጦች ዘንድ ትሄድ ነበር።

ሰኔ እዚያ እንደ እኛ አይደለም። የዓመቱ ክፉ ወር ነው፤ ሰማዩ ነጭ፣ ነፋሱ የእሳት፣ መሬቱ እንደ ምጣድ። ዝናብ የሚጠበቀው ልክ እንደ እኛው ክረምት ከሰኔ መጨረሻ በኋላ ነው። ቶሆኖ ኦዳም የሚባሉት የአገሩ ባለቤቶች በዚህ ወቅት የሳዋሮውን ቀይ ፍሬ በረጅም ዘንግ እያወረዱ ይሰበስባሉ፤ አዲስ ዓመታቸውም ከዚሁ ከዝናቡ መምጣት ጋር የተያያዘ ነው። ቱሳን በዓመት የምታገኘው ከ300 ሚሊ ሜትር በታች ነው፤ አዲስ አበባ ከ1,000 በላይ ታገኛለች። ከዚያች ጥቂት ዝናብ ግማሽ ያህሉ የሚወርደው በእነዚህ ሁለት ሦስት ወራት ነው።

ሐምሌ መጀመሪያ ላይ አንድ ከሰዓት በኋላ ከተራራው ላይ ጥቁር ደመና ተነሳ። መጀመሪያ የመጣው አቧራ ነው፤ ከዚያ አንድ ሽታ፣ ክሪዮሶት ከሚባል ቁጥቋጦ የሚወጣ፣ እርጥብ ቅጠልና ሬንጅ የተቀላቀለበት። የከተማው ሰው በየበሩ ወጥቶ ያሸታል። ከዚያ ወረደ። ሃያ ደቂቃ ቢሆን ነው፤ ከቤታችን ጀርባ ያለው ደረቅ አሸዋ ቡናማ ጎርፍ ሆነ። ድሬዳዋ ደቻቱን ያየ ሰው እንዴት እንደሆነ ያውቀዋል። ከሳምንታት በኋላ የሳዋሮዎቹ ሽንሽን ሲሞላ አየሁ፤ ጥልቁ እየተገለጠ፣ ዛፉ እየወፈረ። ሚጡ አንዱን በየሳምንቱ በገመድ እየለካች በደብተሯ ጻፈች። ያንን ከማን እንደተማረች አላውቅም።

ሕፃኑ በሐምሌ መጨረሻ አራት ኪሎ ተኩል አለፈ። ልጄ የስልኳን ሂሳብ ተወችው ማለት አልችልም፤ እኔ ሳላይ ትይዘው ይሆናል።

ጳጉሜ 4 ቀን ማታ፣ ለአዲስ ዓመት ዶሮ ስበልት፣ ኃይለኛ ዝናብ ጣለ። ሚጡ ከመስተዋቱ በር "አያቴ፣ ነይ! ድምፅ እንዳታሰሚ!" አለችኝ። የጓሮው ሲሚንቶ ላይ፣ በመብራቱ ሥር፣ አንዲት ባለቃጭል ተጠቅልላ ተኝታለች። ተጠቅልላ ስል እንደ ሌላው ጊዜ አይደለም፤ ገላዋን ለጥጣ፣ ጠፍጣፋ አድርጋ፣ እንደ ሰፌድ ተዘርግታለች። ዝናቡ ጥቅልሏ ላይ ይጠራቀማል። እሷ ራሷን ጎንበስ አድርጋ ከገዛ ጀርባዋ ላይ ትጠጣለች። ሽማግሌው ይህን ነግረውኝ ነበር፤ የበረሃ ባለቃጭሎች ገላቸውን ጽዋ ያደርጉታል። ስሰማ አላመንኩም ነበር። ቃጭሏ ሰማያዊ ነው።

አማቼ መጣ፣ አየ፣ አካፋውን አልፈለገም። ስልክ ደወለ።

ተማሪው በዝናብ ልብስ መጣ። ከራሷ ጀምሮ በቱቦው ውስጥ ግማሽ ድረስ አስገባት። 85 ሴንቲ ሜትር። ክብደት 402 ግራም። ሚጡ ጨፈረች። ልጁ ግን እጁን አነሳ፤ ቆይ እስቲ አለ። አንዷ ሴንቲ ሜትር የእጅ ስህተት ልትሆን ትችላለች፤ ሕያው እባብ እንደ እንጨት ቀጥ ብሎ አይለካም። ሆዷን ዳበሰ፤ መሐሉ ላይ እብጠት አለ፣ በቅርብ የተዋጠ አይጥ። ከአይጡ ሌላ ደግሞ እኛው እያየናት የጠጣችው ውሃ አለ። ከ402 ላይ የእሷ የሆነው ስንት ነው? ሚዛኑ አይነግረውም።

"ጀርባዋን" አልኩት።

ፈገግ አለና ቱቦውን አጥብቆ ይዞ ከወገቧ በታች ያለውን ወደ እኔ አዞረልኝ። ልጄ በሩ ላይ ቆማ ሕፃኑን ታቅፋ ታየኛለች። አንድ ጣቴን ሰደድኩ። የእባብ ገላ ዝልግልግ ይመስለኝ ነበር፤ ደረቅና ቀዝቃዛ ነው። ሰኔ ላይ እንደ ጣሪያ ክፈፍ ወጥቶ የነበረው አጥንት ከሥጋው መካከል ገብቷል፤ ግራና ቀኙ ሞልቶ ክብ ሆኗል። ይህ ውሃ አይደለም። አይጡም ከዚህ ቦታ የለም።

"የእሷ ነው" አልኩት። በደብተሩ ምን ብሎ እንደጻፈው አላውቅም።

በሚመጣው ዓመት ትወልድ እንደሆነ ሚጡ ጠየቀችው። በመጸው ጥቂት ጊዜ ከበላች ይቻላል አለ። በአሪዞና ዱር ውስጥ ላሉ ሴቶች ተመራማሪዎች ተጨማሪ ምግብ እየሰጡ ሞክረው ነበር፤ የተመገቡት ከሌሎቹ ይልቅ ወፍረዋል፣ አድገዋል፣ በመውለድም በልጠዋል። ሚጡ ወዲያው ከማቀዝቀዣው ዶሮ አምጥታ ልትሰጣት ፈለገች። የአዲስ ዓመት ዶሮዬን!

ጥቅምት ውስጥ ተመለስኩ። ሕፃኑን ለመጨረሻ ጊዜ ሐኪም ዘንድ ስንወስደው ሰባት ኪሎ ሊሞላ ትንሽ ቀርቶት ነበር። ሐኪሟ ሠንጠረዡን ስታሳየን እኔ ከልማዴ ጎንበስ ብዬ እግሩን በአውራ ጣቴ ተጫንኩ። ጣቴን ሳነሳ ሥጋው አብሮ ተነሳ። ሐኪሟ ምን እንደማደርግ አልጠየቀችኝም።

ባለፈው ሳምንት ሚጡ ደወለች። "አያቴ፣ ወጣ! ወጣ!" ትላለች። በኅዳር እባብ ጉድጓድ ገብቶ እንደሚከርም ረስቼ፣ ሰማያዊዋ መስላኝ ከወንበሬ ብድግ አልኩ። የሕፃኑ ጥርስ ነው። ከታች፣ ሁለት።